የቀለጠ ሜታል በምን ይመዘናል?

የውሃን እፍጋት ለኩ ብትባሉ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ጠርሙሱን ባዶውን መመዘን፣ ሞልቶ ደግሞ መመዘን፣ ልዩነቱን ለጠርሙሱ ይዘት ማካፈል። አለቀ። ይህንኑ በ1,600 ድግሪ ሴንቲግሬድ በቀለጠ ብረት ሥሩት ስትባሉ ግን ጣጣው ይጀምራል። መጀመሪያ ነገር፣ የምን ጠርሙስ? ብርጭቆ ከሆነ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ እሱ ቀድሞ ይለሰልሳል። ከሌላ ሜታል ከተሠራ ደግሞ የቀለጠው ብረት ቀስ እያለ ጠርሙሱን ራሱን ይበላዋል። የማይበላ ነገር አገኘን ቢባል እንኳ በዚያ ሙቀት ስለሚሰፋ፣ ይዘቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ የለካችሁት አይደለም።

ለዚህ ነው የቀለጠ ሜታልን መለካት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው። በበኩሌ ከባዱ ቀመሩ አይመስለኝም፤ ዋና ዋናዎቹ ቀመሮች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ከባዱ መንካት ነው። የቀለጠ ሜታል የነካውን ይለውጣል፣ የነካውም እሱን ይለውጠዋል። የመለኪያ ዘዴዎቹን በተራ ብታዩአቸው ሁሉም የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። መጀመሪያ በትንሹ መንካት፣ ከዚያ ከዚያም በትንሹ፣ በመጨረሻ ጭራሽ አለመንካት።

የሚለኩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ እፍጋት ነው፣ ዴንሲቲ የምንለው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስንት ግራም ይመዝናል? ሁለተኛው የገጽ ውጥረት ነው፣ ሰርፌስ ቴንሽን። ፈሳሽ ውስጥ ያለ አተም በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት አለው፤ ገጹ ላይ ያለው ግን በላይ በኩል ጎረቤት ስለሌለው ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ፈሳሹ ገጹን በተቻለው መጠን ያጠብባል። ሬዲዮ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ፍጹም ድቡልቡል ሆነው የሚንከባለሉት ጥቃቅን የሊድ እንክብሎች የዚህ ውጤት ናቸው። ውሃ በክፍል ሙቀት 0.072 ኒውተን በሜትር ነው የገጽ ውጥረቱ። የቀለጠ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ሜታል) ወደ 0.55፣ መዳብ ወደ 1.3፣ ንጹሕ ብረት ደግሞ ከ1.8 በላይ ነው። ብረት ከውሃ 25 እጥፍ ይወጠራል ማለት ነው።

ማን ይፈልገዋል ይህን ቁጥር? እፍጋቱን እንኳ ሜታል አቅልጦ ቅርጽ የሚያወጣ ሁሉ ይፈልገዋል፣ ቁጥሩን በስም ባያውቀውም። አልሙኒየምን እንውሰድ። በክፍል ሙቀት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.70 ግራም ነው። በ660 ድግሪ ሲቀልጥ ወደ 2.38 ይወርዳል። ይህን ገልብጣችሁ አስቡት፦ አንድ ሊትር የቀለጠ አልሙኒየም የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ብታፈሱ፣ ሲቀዘቅዝ የሚቀራችሁ 880 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከጠፋው ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚጠፋው እዚያው ሲረጋ፣ ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲሻገር ነው። ለዚህ ነው ከአሮጌ አልሙኒየም ድስት የሚያወጣ ባለሙያ በማፍሰሻው አፍ ላይ ትርፍ ፈሳሽ የሚተወው፤ ድስቱ ሲሰበሰብ ከዚያ እየሳበ ይሞላል። ትርፉ ካነሰ ጎድጓዳ ቦታ ወይም ውስጡ የተደበቀ ቀዳዳ ይመጣል። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህንን ቀድመው በኮምፒውተር ያሰላሉ። ኮምፒውተሩ ግን የሰጣችሁትን ነው የሚያምነው፤ እፍጋቱን በተሳሳተ ቁጥር ካስገባችሁለት ቀዳዳውን በሌለበት ቦታ ያሳያችኋል።

እሺ፣ እንዴት ይለካል?

የጥንቱ መንገድ የአርኪሜዲስ ነው። ይዘቱ የታወቀ ጠላቂ ነገር በቀጭን ሽቦ ከሚዛን ላይ አንጠልጥላችሁ ፈሳሹ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ጠላቂው የገፋውን ፈሳሽ ያህል ይቀልላል። ሁለት ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነ የሴራሚክ ጠላቂ በቀለጠ አልሙኒየም ውስጥ 4.76 ግራም ይቀልላል ማለት ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ሽቦው ፈሳሹን አቋርጦ በሚገባበት ክብ ላይ የገጽ ውጥረት ይይዘዋል። ሽቦው አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለውና ውጥረቱ አንድ ኒውተን በሜትር ከሆነ፣ ያ ክብ እስከ 0.32 ግራም ድረስ ሊጎትት ወይም ሊገፋ ይችላል። ፈሳሹ ሽቦውን ካረጠበው ወደ ታች ይጎትታል፣ ካላረጠበው ወደ ላይ ይገፋል። ከ4.76 ግራም ላይ 0.32 ማለት ወደ 7 በመቶ ስሕተት ነው! እፍጋት ልትለኩ ሄዳችሁ የገጽ ውጥረት ሳትጠሩት መጣባችሁ።

መላው ግን ደስ ይላል። ሽቦውን ሳትቀይሩ ሁለት ጠላቂ ትጠቀማላችሁ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ሽቦው ላይ ያለው ኃይል በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ስትቀናንሱት ይጠፋል። እኔ ከሁሉም ዘዴዎች ይህቺን ነው የምወዳት፤ ምንም ውድ ዕቃ አልተጨመረም፣ ማሰብ ብቻ ነው የተጨመረው። ለብረት ግን ሌላ ጣጣ አለ። የቀለጠ ብረት እፍጋቱ 7 ያህል ነው፤ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ ደግሞ 3.9 ነው፣ ስለዚህ ጠላቂ ያልነው ነገር ራሱ ይንሳፈፋል፣ በግድ ታች መያዝ አለበት። ከባድ ሜታል ጠላቂ እናድርግ ካላችሁ ደግሞ ብረቱ እያሟሟ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ አረፋ ነው። ቀጭን የሴራሚክ ቱቦ ፈሳሹ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ በቱቦው አርጎን፣ ከሜታሉ ጋር የማይዋሃድ ጋዝ፣ ቀስ አድርጋችሁ ትገፋላችሁ። አረፋው ከቱቦው አፍ ላይ ማበጥ ሲጀምር ግፊቱ ይጨምራል፣ አረፋው ልክ ግማሽ ኳስ ሲሆን ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ፈንድቶ ይወጣል። ያ የጫፍ ግፊት ሁለት ነገር ተሸክሟል። አንዱ ከቱቦው አፍ በላይ ያለው ፈሳሽ ክብደት ነው፣ ሁለተኛው የገጽ ውጥረት። አልሙኒየም ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር ብትነክሩት ክብደቱ 466 ፓስካል ያህል ይጨምራል፤ የቱቦው አፍ ራዲየስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጥረቱ ደግሞ 4,000 ፓስካል አካባቢ። ቱቦውን ሁለት ሴንቲሜትር ጨምራችሁ ብታጠልቁት የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከለውጡ እፍጋቱን ታወጣላችሁ፣ ከቀሪው ውጥረቱን። በአንድ ቱቦ ሁለት ወፍ ማለት ይህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ እያንዳንዱ አረፋ ከታች አዲስ ገጽ ይዞ ነው የሚወለደው፣ አየር ያልነካው።

አየር ያልነካው የሚለው ቀልድ አይደለም። አልሙኒየም አቅልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግራጫውን ቆዳ በማንኪያ ገፋ ስታደርጉት ለአፍታ መስታወት የመሰለ ብር ይታያል፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ወተት ስልባቦት ይጋረዳል። ያ ስልባቦት የአልሙኒየም ኦክሳይድ ነው። ገጹን ለክታችሁ ከሆነ የለካችሁት እሱን ነው፣ አልሙኒየሙን አይደለም። ለብዙ ጊዜ ሰንጠረዦች ላይ የአልሙኒየም የገጽ ውጥረት በመቅለጫው ሙቀት 0.87 አካባቢ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በደንብ በጸዳ ገጽ ላይ ሲለካ ግን ከ1 በላይ፣ 1.05 አካባቢ ይመጣል። የድሮዎቹ ሰዎች ሚዛን ማንበብ ስላልቻሉ አይደለም፤ ኦክስጅን ቀድሟቸው ነው።

ብረት ላይ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ስልባቦቱ በዓይን አይታይም። ኦክስጅንና ሰልፈር፣ ማለትም ድኝ፣ ብረት ውስጥ ሲገቡ ከውስጥ ይልቅ ገጹ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። ከመቶ 0.05 እጅ ብቻ ሰልፈር የብረትን የገጽ ውጥረት ሩብ ያህል ያወርደዋል። ይህን በኪሎ አስቡት፦ በአንድ ኪሎ ብረት ውስጥ ግማሽ ግራም። እፍጋቱን ብትለኩ በዚያች ግማሽ ግራም ምንም ለውጥ አታዩም። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይታመኑም። የንጹሕ ብረት ወይም የአልሙኒየም እፍጋት ላይ የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ተቀራርበው ይስማማሉ፤ የገጽ ውጥረት ላይ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ልዩነት አንዳንዴ ያስደነግጣል። የገጽ ውጥረት ቁጥር ሲሰጣችሁ ኦክስጅኑና ሰልፈሩ ስንት ነበር ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ቁጥሩን ባትወስዱት ይሻላል።

ሦስተኛው ዘዴ ተቀማጭ ጠብታ ነው። ትንሽ ሜታል በሴራሚክ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ፣ አየር በሌለበት ወይም በንጹሕ ጋዝ በተሞላ ምድጃ አቅልጣችሁ፣ በጎን ፎቶ ታነሱታላችሁ። የመሬት ስበት ጠብታውን ሊያጠፈጥፈው ይፈልጋል፣ የገጽ ውጥረት ሊያከብበው ይፈልጋል። ከሁለቱ ትግል የሚወጣው ቅርጽ ቁጥሩን ይናገራል። ባሽፎርዝና አዳምስ የተባሉ እንግሊዛውያን በ1883 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእነዚህን ቅርጾች ሰንጠረዥ በእጅ አስልተው አሳትመው ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተር ከፎቶው ላይ ጠርዙን ለቅሞ በሴኮንድ ይጨርሰዋል። ጠብታውን ከመዘናችሁና ይዘቱን ከፎቶው ካሰላችሁ እፍጋቱንም ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ግን የካሜራችሁ መለኪያ አንድ በመቶ ከሳተ ይዘቱ ሦስት በመቶ ነው የሚስተው፣ ርዝመቱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ። ሳህኑም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ብረትን ግራፋይት ላይ ብታስቀምጡት ካርቦኑን ይጠጣል፤ አልሙኒየምን ኳርትዝ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ፣ ላይ ብታስቀምጡት ኦክስጅኑን ነጥቆ ሲሊከኑን ወደ ራሱ ይወስዳል። ለካችሁ ስትጨርሱ ያላችሁ ሌላ ቅይጥ ነው።

እንግዲህ ሳህኑም ካስቸገረ ሳህኑን ማንሳት ነዋ።

በ1923 ኦቶ ሙክ የተባለ ጀርመናዊ ሜታልን በማግኔት ኃይል አየር ላይ አንጠልጥሎ የማቅለጥን ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ። በመዳብ ቱቦ ጥቅል ውስጥ በጣም ፈጣን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ታስገባላችሁ። መሐሉ ላይ ያለው የሜታል ቁራጭ ውስጥ የራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያ ኤሌክትሪክ ከጥቅሉ ጋር ይገፋፋል፣ ቁራጩ ይነሳል። ያው ኤሌክትሪክ ቁራጩን ያግለዋል፣ ያቀልጠዋል። ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራ ጠብታ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል።

የምንፈልገውም መንቀጥቀጡን ነው። የእንግሊዙ ሎርድ ሬይሊ በ1879 እንዳሳየው፣ ነጻ የሆነ ጠብታ ሲገፋ አንዴ እንደ ዕንቁላል ሞላላ፣ አንዴ ጠፍጣፋ እየሆነ ይወዛወዛል፤ የመወዛወዙ ፍጥነት የሚወሰነውም በሁለት ነገር ብቻ ነው፣ በጠብታው ክብደትና በገጽ ውጥረቱ። የጠብታው ስፋት ቀመሩ ውስጥ አይገባም፣ እፍጋቱንም ማወቅ አያስፈልግም። በቁጥር እንየው። ሰባት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ጠብታ 1.26 ግራም ያህል ይመዝናል። የገጽ ውጥረቱ 1.8 ከሆነ በሴኮንድ 35 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። ሰልፈር ገብቶ ውጥረቱን ሩብ ካወረደው ወደ 30 ይወርዳል። ይህን ልዩነት ፈጣን ካሜራ በቀላሉ ይቆጥረዋል። ውዝዋዜው ቀስ በቀስ ሲሞት ደግሞ ከአሟሟቱ ፍጥነት የፈሳሹን ውፍረት፣ ማለትም ቪስኮሲቲውን ማውጣት ይቻላል። እፍጋቱን ደግሞ ከጠብታው ጥላ ስፋት ትወስዳላችሁ፣ ያችን የሦስት እጥፍ ስሕተት እየተጠነቀቃችሁ።

መሬት ላይ ግን ስበት አለ። ጠብታውን ለመሸከም ኃይለኛ ማግኔት ያስፈልጋል፣ ኃይለኛው ማግኔት ደግሞ ጠብታውን ይጨምቀዋል፣ ያዛባዋል፣ ከሚፈለገው በላይም ያግለዋል። የመወዛወዙን ፍጥነት እንደ ድምፅ ቃና አስቡት፤ ድቡልቡል ባልሆነ ጠብታ ላይ የሬይሊ አንድ ድምፅ እስከ አምስት ድምፅ ይከፈላል። ከሚንግስና ብላክበርን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እነዚያን አምስቱን አንድ ላይ ይዞ የሚያርም ቀመር አወጡ፤ ዛሬ መሬት ላይ የሚሠሩ ሰዎች እሱን ይጠቀማሉ። ሌላው አማራጭ ስበቱ ወደሌለበት መሄድ ነው። አውሮፕላን ወደ ላይ ወጥቶ ሲወረወር 20 ሴኮንድ ያህል ክብደት አልባ ጊዜ ይገኛል፤ አንድ ጠብታ ለማቅለጥና ለማቀዝቀዝ የምትጠብ ግን የምትበቃ ጊዜ ናት። ረዘም ያለ ጊዜ የፈለገ ጠፈር ይወጣል።

በ2014 ጀርመናዊው ጠፈርተኛ አሌክሳንደር ገርስት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ ኮሎምበስ በተባለው የአውሮፓ ክፍል ውስጥ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ የማግኔት ማንሳፈፊያ ምድጃ ገጠመ። ናሙናዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር የሆኑ ኳሶች ናቸው። ሙከራውን የሚያዝዙት ግን ኮሎኝ ከተማ ስክሪን ፊት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ኳሱን ያቀልጡታል፣ ማሞቂያውን ያጠፉታል፣ በአንዲት አጭር የማግኔት ምት ይጨምቁትና ይለቁታል። ከዚያ ሲወዛወዝ ማየት ነው። የሚይዘው ማግኔት እዚያ በጣም ደካማ ስለሆነ ጠብታው እውነተኛ ድቡልቡል ነው፣ ድምፁም አንድ ነው። ጃፓኖችም በዚያው ጣቢያ፣ ኪቦ በተባለው ክፍላቸው፣ በማግኔት ፈንታ ጠብታውን በኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዝ ምድጃ አላቸው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ኦክሳይዶችን ሳይቀር ያቀልጣል።

ዕቃ አለመኖሩ ያመጣው አንድ ያልተጠበቀ በረከት አለ። ፈሳሽ የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ግድግዳ ጀምሮ ነው። ግድግዳ ከሌለ ጠብታው መርጊያውን አልፎ፣ አንዳንዱ ሜታል ከ200 ድግሪ በላይ ወርዶ እንኳ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ በተራ ምድጃ ፈሳሽ ሆኖ በማይገኝበት ሙቀት ላይ ሳይቀር እፍጋቱን መለካት ይቻላል። ከዚያ ድንገት ብልጭ ብሎ ይረጋል፤ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት ራሱን መልሶ ያግለዋል።

ይህ ሁሉ ግን ሁሉንም አይፈታም። ቅይጦች ላይ ትነት አለ። ማንጋኒዝ ያለበት ብረት አየር በሌለበት ቦታ ሲቀልጥ ማንጋኒዙ ቀድሞ ይበናል፣ ዚንክ ያለበት ነሐስማ ቢጫ ቅይጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኳሱ ከመቅለጡ በፊትም ከረጋ በኋላም ይመዘናል። ካነሰ፣ የሄደው ምን እንደሆነ ይፈለጋል።

ስለ ቅይጥ ካነሳን፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አማካይ መውሰድ ነው። ዘጠና እጅ መዳብና አሥር እጅ ቆርቆሮ ካለኝ፣ የገጽ ውጥረቱ ዘጠና እጅ የመዳብ፣ አሥር እጅ የቆርቆሮ ነው ይላል። አይደለም። ገጹ ላይ መቀመጥ የሚቀለው ውጥረቱ ዝቅ ያለው ነው፣ ስለዚህ ቆርቆሮው ከድርሻው በላይ ወደ ገጹ ይወጣል፣ ውጥረቱም ከአማካዩ በታች ይወርዳል። በትለር የተባለ ኬሚስት በ1932 ይህንን የሚያሰላ ቀመር አቅርቧል፣ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። እፍጋት ላይ አማካይ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፣ ግን እዚያም አተሞቹ ሲቀላቀሉ ከተጠበቀው ይበልጥ የሚጠጋጉበት ወይም የሚራራቁበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው አዲስ ቅይጥ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ የሚለካው።

ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ የስቴንለስ ብየዳን ይመልከት። ሁለት የስቴንለስ ቧንቧ፣ በወረቀት አንድ ዓይነት፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ በያጅ፣ አንድ አምፔር። አንዱ ላይ የአርጎን ብየዳው ጠልቆ ይገባል፣ ሌላው ላይ እንደ ኩሬ ይሰፋና ላይ ላዩን ይቀራል። ለዓመታት ጥፋቱ በበያጁ ይላከክ ነበር። ሃይፕልና ሮፐር የተባሉ አሜሪካውያን በ1982 ያቀረቡት ማብራሪያ ነው ነገሩን ያጠራው፦ የገጽ ውጥረት።

ፈሳሽ በገጹ ላይ ውጥረቱ ዝቅ ካለበት ወደ ከፍተኛው ይሄዳል። ንጹሕ ብረት ሲግል ውጥረቱ ይወርዳል። የብየዳው መሐል ከዳሩ ይበልጥ ስለሚግል ፈሳሹ ከመሐል ወደ ዳር ይሮጣል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል፣ ብየዳው ይሰፋል ግን አይጠልቅም። በቂ ሰልፈር ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ዳር ላይ ሰልፈሩ ገጹን ሸፍኖ ውጥረቱን ያወርደዋል፤ መሐል ላይ በሙቀቱ ብዛት ገጹን ይለቃል፣ ውጥረቱ ከፍ ይላል። ፈሳሹ ከዳር ወደ መሐል ይመጣና ወደ ታች ይጠልቃል፣ ሙቀቱን ወደ ሥር ይወስዳል። ይህን የሚገለብጠው ሰልፈር ከሚሊዮን ክፍል በአሥሮች የሚቆጠር ነው።

ብዙ ሰው ሰልፈር ባነሰ ቁጥር ብረቱ ጥሩ ነው ብሎ ያስባል፤ ለብዙ ነገር ልክ ነው። የተለመደው 304 ስቴንለስ ሰነድም ከ0.030 በመቶ አይብለጥ ይላል እንጂ ታችኛ ወሰን የለውም፣ ስለዚህ 0.001 ያለውም 0.025 ያለውም ያው ሕጋዊ ናቸው። ለመድኃኒት ፋብሪካ 316ኤል የተባለውን የስቴንለስ ደረጃ ቧንቧ የሚገዙ ሰዎች ግን ብየዳው በማሽን ስለሆነና ማሽን እንደ ሰው አይቶ እጁን ስለማያስተካክል፣ ኤኤስኤምኢ ቢፒኢ የሚባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች መስፈርት ሰልፈሩን ከ0.005 እስከ 0.017 በመቶ መሐል እንዲሆን አስሮታል። ቧንቧ ስትገዙ የኬሚካል ወረቀቱን ጠይቁና ኤስ (S፣ የሰልፈር ምልክት) የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ሁለት ሰርተፍኬት ላይ እዚያ ያለው ቁጥር በጣም ከተራራቀ፣ ሁለቱን ቧንቧ ጫፍ ለጫፍ ከመበየዳችሁ በፊት ከቁራጭ ላይ ሞክሩ።